ዐሥራ ስድስቱን ሳምንታት አስቀድሞ ስለ መደልደል

በዩኒቨርሲቲ የሚማርም ሆነ የሚያስተምር ሰው ለራሱ ስላሰበው ነገር ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «ፋይናል ይለፍና» ብሎ ነው። የመውጫ ፈተና ዝግጅት፣ የተጀመረ የጥናት ጽሑፍ፣ የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና፣ እንግሊዝኛን ማሻሻል፣ የታመመ ዘመድ መጠየቅ፣ ሁሉም ከፋይናል በኋላ ላለው ጊዜ ይቀጠራሉ። ፋይናል ሲያልፍ ደግሞ ድካሙ አለ፣ ቤተሰብ ጋ መሄዱ አለ፣ ግሬድ መጠበቁ አለ፤ ይህ ሁሉ ሳያልቅ የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ይደርሳል። እኔ ደሴ ውስጥ የዕፅዋት ሳይንስ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼንም ባልደረቦቼንም ስመለከት የኖርሁት ይህንኑ ነው። የግልና የሙያ ግቦች እዚያው ሴሚስተሩ ውስጥ፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ሳምንታት፣ ቦታ ካልተሰጣቸው በስተቀር ቦታ አያገኙም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም ድልድሉ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ለማሳየት ነው።

አንድ ሴሚስተር በተለምዶ 16 ሳምንታት አሉት። ሳምንታቱ በቀን ቁጥር እኩል ቢሆኑም በክብደት ግን በእጅጉ ይለያያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በምዝገባ፣ በአድና ድሮፕ (ኮርስ በመጨመርና በመተው)፣ በዶርም ድልድልና ኮርስ አውትላይን (የኮርሱን ይዘትና የምዘና ጊዜ የያዘውን ወረቀት) በመቀበል ያልፋሉ። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ትምህርቱ በወጉ ይሄዳል፣ ነገር ግን ከኩዊዝ ያለፈ ፈተና አይኖርም። ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው የሚድ፣ ማለትም የአጋማሽ ፈተና፣ ሳምንታት ናቸው፤ ዐሥረኛውና ዐሥራ አንደኛው ትንሽ ፋታ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ወዲህ የቡድን አሳይመንት፣ ፕሬዘንቴሽን፣ የላብ ሪፖርትና ፋይናል ተደራርበው ይመጣሉ። የመምህሩም ሸክም በዚሁ ልክ ይነሣና ይወድቃል፦ ሚድ ካለፈ በኋላ የፈተና ወረቀት ማረም፣ ፋይናል ካለፈ በኋላ ግሬድ ለሬጅስትራር ማስገባት፣ በመካከሉም የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎችን ረቂቅ ማንበብ አለ። ይህ ቅርጽ ከዓመት ዓመት እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ሰው ገና ሴሚስተሩ ሳይጀመር የትኛው ሳምንት እንደሚከብደውና የትኛው እንደሚቀለው ሊያውቅ ይችላል። ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ሳምንታት የሚባክኑበት መንገድ ነው፤ ፈተና ስላልደረሰ ለትምህርቱም አይውሉም፣ «ትምህርት ላይ ነኝ» ስለሚባል ለግል ግብም አይውሉም።

ከዚህ ቀጥሎ የሰዓት ሒሳብ አለ፤ ይህንን ሒሳብ ማንም ተማሪ በራሱ እጅ ቢሠራው እወዳለሁ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርት ጫና በኢሲቲኤስ ሲለካ አንድ መደበኛ ተማሪ በሴሚስተር 30 ገደማ ይወስዳል፤ በብዙ ሞጁሎችም ላይ አንዱ ኢሲቲኤስ 27 የሥራ ሰዓት ሆኖ ይታሰባል። 30 በ27 ሲባዛ 810 ሰዓት ነው፤ ይህ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ50 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ክፍል መግባቱም፣ ላቡም፣ ንባቡም፣ አሳይመንቱም በዚህ ውስጥ የተካተቱ ናቸው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ስለሆነ፣ በቀን ስምንት ሰዓት የሚተኛ ሰው 56ቱን ለእንቅልፍ ሰጥቶ፣ 50ውን ለትምህርት አውሎ፣ 62 ሰዓት ገደማ ይተርፈዋል። ይህ 62 ሰዓት በወረቀት ላይ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን የካፌ ሰልፍ፣ ልብስ ማጠብ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ወይም መስጊድ መስገድ፣ መብራት የሚጠፋባቸው ምሽቶች፣ ከጓደኛ ጋር መጫወት፣ አንዳንዴም ፒያሳ ወርዶ መመለስ ከዚያው ላይ ይቀነሳሉ። ሳምንት ሙሉ ሳያስጨንቅ ሊያዝ የሚችለው ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ እሱም የሚድና የፋይናል ሳምንታት ሲወጡለት ለዐሥር ሳምንት ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ለራሱ ግብ ሊያውለው የሚችለው ጠቅላላ ሀብት 60 ሰዓት ነው ማለት ነው።

60 ሰዓት ትንሽ አይደለም። የአንድ የስታትስቲክስ ሶፍትዌር መሠረታዊ አሠራር ይጠናበታል፤ የአንድ ጥናት የመጀመሪያ ረቂቅ ይጻፍበታል፤ ሁለት ወይም ሦስት ያለፉ ኮርሶች ለመውጫ ፈተና በወጉ ይከለሱበታል። ሦስቱንም በአንድ ላይ ግን አይችልም። ተማሪ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሰባትና ስምንት ግብ ሲዘረዝር ሳይ የምጠይቀው «60 ሰዓትህን ለየትኛው ትሰጣለህ?» ብዬ ነው፤ ዝርዝሩ የሚያጥረው ያን ጊዜ ነው።

ለምሳሌ ከለጋምቦ የመጣ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያዘጋጀውን ወረቀት ላሳያችሁ፤ ፈቅዶልኛል። ከደብተር መሐል የተገነጠለ አንድ ቅጠል ነው። በግራው ጠርዝ ከ1 እስከ 16 ቁጥሮች ወደ ታች ተጽፈዋል፤ ከአጠገባቸው ሦስት ዐምዶች በማስመሪያ ተሠምረዋል፤ ራሳቸው ላይ «ትምህርት»፣ «ግብ»፣ «ቤት» ይላል። መጀመሪያ የሞላው «ትምህርት» የሚለውን ነው፤ ከየኮርሱ አውትላይን ላይ የኩዊዙን፣ የሚዱን፣ የአሳይመንቱን ሳምንት እየለቀመ በየቁጥሩ ፊት አስፍሮታል። ቀጥሎ የሞላው «ቤት» የሚለውን ነው፤ የበዓል ቀናትን፣ አባቱ ለእርሻ የሚፈልጉትን ሰሞን፣ የአጎቱን ልጅ ሰርግ ጽፎበታል። «ግብ» የሚለው በመጨረሻ ነው የተሞላው፤ ያም ሁለቱ ዐምዶች ቀለል ባሉበት ሳምንት ላይ ብቻ። በአራተኛው ሳምንት ፊት «ማክሰኞና ሐሙስ ከሌሊቱ 11 እስከ 1 ሰዓት፣ ሶፍትዌር፣ መረጃ ማስገባት» ይላል፤ በስምንተኛው ፊት ግን አንድም ቃል የለም፣ ሰረዝ ብቻ ተሠምሮበታል። ወረቀቱን ሳይ ደስ ያሰኘኝ ያ ሰረዝ ነው፤ ብዙ ሰው ዕቅድ ሲያወጣ የሚሠራበትን ቀን እንጂ የማይሠራበትን ቀን አይጽፍምና።

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። ግቡን አስቀድሞ ጽፎ ትምህርቱን ከዚያ ጋር ለማስማማት የሚሞክር ተማሪ ሚድ ሲደርስ ሁለቱንም ይጥላቸዋል፤ ምክንያቱም ትምህርቱ በቀጠሮ የታሰረ ነው፣ ግቡ ግን ጠያቂ የለውም። በብዙ ኮርሶች ከመቶው ግማሽ ያህሉ የሚያዘው በተከታታይ ምዘና፣ ማለትም በኩዊዝ፣ በአሳይመንት፣ በሚድና በመሳሰለው ስለሆነ፣ በመካከል የተዘለለ አንድ ሳምንት ኋላ በፋይናል ብቻ አይካካስም። ለመመረቅ የሚጠየቀው አጠቃላይ ውጤት ከ2.00 ያላነሰ መሆኑን የሚያውቅ፣ ውጤቱም ለዚያ የቀረበ ተማሪ፣ 60ውን ሰዓት ወስዶ ለከበደው ኮርስ ቢሰጠው ያ ራሱ የሙያ ግብ ነው፤ ሌላ ግብ አልያዝሁም ብሎ መሸማቀቅ የለበትም።

«ቤት» የሚለው ዐምድ በወሎ ምድር የተለየ ክብደት አለው። የዩኒቨርሲቲው አካዳሚክ ካሌንደር የምዝገባና የፈተና ቀን ይነግረናል እንጂ የእኛን ኑሮ ሁሉ አይጽፍም። በመስከረም መስቀልና የግሸን ማርያም ንግሥ አለ፤ ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በጥቅምት ሲጀመር አዝመራው እየደረሰ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ናቸው፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል፤ ጥምቀት ጥር 11 ይውላል፤ ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፣ የአንደኛው ሴሚስተር ፋይናልም አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ከዚያው ሰሞን ላይ ነው። በጥር ሰርግ ያለበት ተማሪ ይህን በጥቅምት ያውቀዋል፤ በጥቅምት ካልጻፈው ግን በጥር እንደ ድንገተኛ ነገር ይገጥመዋል።

ሁለተኛው ሴሚስተር ከጾም ጋር አብሮ ይሄዳል። በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት ወር አንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፤ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በአንድ ጊዜ ጾመኞች ነበሩ። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ በ2019 የሚጠበቀው በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ በዚያ ዓመት የካቲት 29 ይገባና ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። ስለዚህ የአንዱ ጾም ማብቂያ ከሌላው መግቢያ ጋር ይገናኛል። ይህን አስቀድሞ ያየ መምህር ከባድ የላብ ሥራ ከሰዓት በኋላ አይመድብም፤ ተማሪውም ንባቡን ወደ ማለዳ ያዞራል። ለሱሑር የሚነሣ ተማሪ ከሱብሒ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል ለግቡ ቢይዘው ከቀኑ ሁሉ የተሻለውን ሰዓት ያዘ ማለት ነው፤ ከምሽቱ ኢፍጣርና ተራዊሕ በኋላ አጠናለሁ የሚል ዕቅድ ግን ከሁለተኛው ሳምንት ሲያልፍ አላየሁም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውም ክርስቲያን ተማሪ ከሰዓቱን ለቀላል ሥራ፣ ማለትም ማስታወሻ ለመገልበጥ፣ ሠንጠረዥ ለማሰናዳት፣ ለማተሚያ ቤት ጉዳይ፣ ቢተወው ይሻለዋል።

የእኔ የሙያ ግብ ከዝናብ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ስለ በልግ ሰፋ አድርጌ ልጽፍ ፍቀዱልኝ። ለጋምቦ፣ ኩታበር፣ ደላንታ፣ ዋድላና መቄትን የመሳሰሉት ደጋዎች በበልግ ዝናብ ላይ የተመሠረተ እርሻ አላቸው፤ ዝናቡ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይጠበቃል፣ ገብሱም በጥር መጨረሻና በየካቲት ተዘርቶ በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። የበልግ ገብስና ሁለተኛው ሴሚስተር አንድ ላይ ተዘርተው አንድ ላይ ይሰበሰባሉ ማለት ነው። በገብስ ላይ ለሚያጠና መምህር ይህ ሁለት ስለት ያለው ነገር ነው፤ የማሳው ሥራ የሚከብድበት ሳምንት የፈተና ሳምንትም ነውና። የዘር ጊዜው ከአንደኛው ሴሚስተር ፋይናልና ከግሬድ ማስገቢያው ጋር ይጋጫል፤ ገብሱ አሽቶ የሚመዘገብበት ጊዜ ከሁለተኛው ሴሚስተር ሚድ በኋላ ካለው የወረቀት ክምር ጋር ይጋጫል።

ዝናቡን ማዘግየት ስለማይቻል የሚዘገየውም የሚቀድመውም ሌላው ሥራ መሆን አለበት። ዘሩን መለካት፣ በየፖስታው ማሸግ፣ ለየመደቡ ቁጥር መስጠት፣ የመመዝገቢያ ቅጹን ማባዛት፣ ከገበሬው ጋር በመሬቱ ላይ መስማማት፣ እነዚህ ሁሉ በታኅሣሥ የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው፤ በየካቲት የሚቀረው መዝራት ብቻ ይሆናል። የሚድ ፈተናን በተመለከተም ክፍሎቼን ሁሉ በአንድ ሳምንት ከመፈተን ይልቅ አንዱን በሰባተኛው፣ ሌላውን በዘጠነኛው ሳምንት አደርጋለሁ፤ ይህን የማስታውቀው ግን በመጀመሪያው ሳምንት አውትላይኑ ላይ ጽፌ ነው፤ በመካከል የሚለወጥ የፈተና ቀን የተማሪውን ወረቀት ያበላሽበታልና። መምህራን የምናወጣው ቀን ለሌላ ሰው ሕይወት ሰሌዳ መሆኑን ልናስብበት ይገባል። አውትላይን በአምስተኛው ሳምንት የሚሰጥ መምህር ተማሪውን ዕቅድ አልባ አድርጎታል፤ በዚህ ነገር ላይ ለዘብ ያለ ቃል ማግኘት አልችልም።

በተለምዶ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአንድ መምህር የማስተማር ጫና በሳምንት 12 ክሬዲት አወር ነው፤ የደረጃ ዕድገት ደግሞ ከአገልግሎት ዘመን ሌላ የታተመ ጥናት ይጠይቃል። ወጣት ባልደረቦቼ የሚጨነቁት ለዚህ ነው። ለእነሱ የምመክረው በሴሚስተር አንድ ጽሑፍ «ለማሳተም» እንዳያቅዱ ነው፤ መታተም በአርታዒውና በገምጋሚው እጅ ያለ ነገር ነው፣ ከእኛ ሴሚስተር ጋርም አይሄድም። በእጃችን ያለው «እስከ ስድስተኛው ሳምንት የአሠራር ዘዴውንና የውጤቱን ክፍል ጽፌ ለአብሮ ጸሐፊዬ እልካለሁ» የሚለው ነው። እንዲህ የተጻፈ ግብ ሳምንቱ ሲደርስ ተሠራ ወይም አልተሠራም ይባልለታል፤ «በምርምር መጠንከር» የሚለው ግን ሐምሌ ላይም ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። የግሉም እንዲሁ ነው። «ለጤናዬ ማሰብ» ከሚለው ይልቅ «ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ጦሳ ተራራ ግርጌ ድረስ በእግር ሄጄ እመለሳለሁ» የሚለው ይያዛል።

ተመራቂዎች ለብቻቸው የሚነገራቸው ነገር አላቸው። የመውጫ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በሐምሌ 2015 ከተሰጠ ወዲህ ዲግሪውን ለማግኘት ኮርሶችን ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ፈተናውም የሚያተኩረው ተማሪው በዓመታት ውስጥ ከወሰዳቸው ኮርሶች በተመረጡት ዋና ዋናዎቹ ላይ ነው። ስለዚህ ለመጨረሻው ሴሚስተር የሚተው ዝግጅት ከመመረቂያ ጥናቱ፣ ከዲፌንሱና ከኮርሶቹ ጋር ሲደራረብ የትኛውም አይሞላም። የተሻለው ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በየሴሚስተሩ ሁለት ያለፉ ኮርሶችን መርጦ፣ ቀለል ባሉት ሳምንታት እየከለሱ፣ የራስን አጭር ማስታወሻ እያዘጋጁ መሄድ ነው፤ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን የጥያቄ ጥራዝ በፈተናው ሰሞን ከመሸምደድ ይህ እጅግ ይበልጣል። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም በሥራ ቦታ የሚደረግ ልምምድ፣ አላቸው፤ ኮምቦልቻ ያሉት ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅርባቸው ነው። ቦታ የሚጠየቀው ግን ኢንተርንሺፑ በሚጀመርበት ሴሚስተር ሳይሆን አንድ ሴሚስተር ቀድሞ ነው፤ ደብዳቤ ማጻፍ፣ ማስገባት፣ መልስ መከታተል ራሱን የቻለ የሳምንታት ሥራ ነውና በወረቀቱ ላይ መስመር ይሰጠው።

በሳምንት መጨረሻ የሚማሩ የመንግሥት ሠራተኞችና አስተማሪዎች ሒሳባቸው ይጠብባቸዋል። ከኩታበር ወይም ከሐይቅ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቶ ደሴ የሚገባ፣ እሑድ ማታ የሚመለስ፣ ሰኞ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የራሱን ተማሪዎች የሚያስተምር ሰው በሳምንት ስድስት ሰዓት ማግኘቱ ያጠራጥረኛል። እንዲህ ያለው ሰው ትምህርቱን ራሱን የሴሚስተሩ ብቸኛ የሙያ ግብ ቢያደርገው፣ ከግሉም አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ ከልጆቹ ጋር የሚውልበትን አንድ የማይነካ ምሽት፣ ቢይዝ ይበቃዋል።

አሁን ደግሞ ማናችንም ልንዘነጋው የማንችለው ነገር አለ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ ተማሪው ወደየቤቱ ተመለሰ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ ሰው ተፈናቀለ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎችና ንብረቶች ለዝርፊያና ለውድመት ተዳረጉ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን ባለው የጸጥታ ሁኔታ የምዝገባ ጊዜ ተራዝሟል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ዕቅድ ምን ያደርጋል?» ቢል አልፈርድበትም። እኔ ግን የማስበው በተቃራኒው ነው፤ የሚቋረጥ ጊዜ የሚጠይቀው በትንንሹ የተከፋፈለ ዕቅድ ነው። ግቡ እያንዳንዱ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት የሚያልቅ፣ ቢቋረጥም በራሱ የሚቆም ክፍል ሊኖረው ይገባል። ሁለት ኮርስ የከለሰ ተማሪ ሦስተኛው ቢቀርበት ሁለቱ በእጁ ናቸው፤ የውጤቱን ክፍል የጻፈ ተመራማሪ ስድስት ወር ቢቋረጥ ከዚያው ይቀጥላል። የማሳ መረጃዬን በወረቀትም በኮምፒውተርም እይዛለሁ፤ ወረቀቱንም እቤት እንጂ ቢሮ አላስቀምጥም። ትምህርቱ እንደገና ሲጀመር ሴሚስተሩ ብዙ ጊዜ ስለሚጠብብ፣ 16ቱ ሳምንት ወደ 12 ወይም 10 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን ከፍቶ የግሉን ግብ በግማሽ መቀነስ ተገቢ ነው፤ የኮርሱ ይዘት አይቀነስምና።

ዕቅድን ለብቻ መያዝ ሌላው ችግር ነው። እዚህ አገር ሰው ለብቻው አይኖርም፤ ጎረቤት ቡና ይጠራል፣ እድር አለ፣ ለቅሶ አለ፣ አዝመራ ሲደርስ ልጅ ከቤት ይጠበቃል። እነዚህን እንደ እንቅፋት መቁጠር ስሕተት ነው ብዬ አስባለሁ፤ እኛን ያሳደጉን እነሱ ናቸውና በወረቀቱ ላይ በክብር ይጻፉ። ነገር ግን ለሚመለከታቸው ሰዎች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። እናቴ ኩታበር ነው ያለችው። ሴሚስተሩ ሲጀመር ደውዬ የምመጣባቸውን ቀናት እነግራታለሁ። በመጀመሪያ ስነግራት «ልጄ፣ እንግዲህ ከፋሲካ በፊት አልጠብቅሽም በይኛ፤ ጠላውንም ለዚያው እጠነስሰዋለሁ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኑን ቆጥራ ትጠብቀኛለች፣ በየሳምንቱ «ለምን ቀረሽ» የሚለውም ጥያቄ ቀርቷል። ጎረቤቴም ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ የምጠጣው እሑድ እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ በሥራ ቀን ሲጠሩኝ አንዱን ጠጥቼ ብነሣ አይከፋቸውም። የለጋምቦው ተማሪም ለአባቱ ደውሎ የሚድ ሳምንት እንደማይመጣ፣ ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜና እሑድ ግን ለወንፈሉ እንደሚደርስ ነግሯቸዋል፤ አባቱም ተራቸውን ከጎረቤት ጋር ተለዋውጠው ወንፈሉን ወደዚያ ሰሞን አዛወሩለት። በጊዜው ከተነገረው ገበሬም ቀኑን ያዛውራል።

በዐሥረኛው ሳምንት፣ ሚድ አልፎ የፋይናሉ ጫና ሳይጀምር፣ ወረቀቱ እንደገና መታየት አለበት። ያን ጊዜ የሚታየው ነገር ሦስት ዓይነት ነው፦ የተሠራ፣ በመሠራት ላይ ያለና ገና ያልተነካ። የተሠራው ይሰረዝ። በመሠራት ላይ ያለው ዐሥረኛውንና ዐሥራ አንደኛውን ሳምንት ወስዶ እስከሚቆምበት ክፍል ይድረስ። እስከ ዐሥረኛው ሳምንት ድረስ ያልተነካ ግብ በዚያ ሴሚስተር አይነካምና ከወረቀቱ ይውጣ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሲተላለፍም እንዲሁ ከላይኛው መስመር ላይ አይገልበጥ፤ ለምን እንዳልተነካ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከጎኑ ይጻፍ። ምክንያቱ «ጊዜ አጣሁ» ከሆነ ሰዓቱ ይቀነስለት፤ «ኮምፒውተር አላገኘሁም» ወይም «የሚያሳየኝ ሰው አጣሁ» ከሆነ የሚቀጥለው ሴሚስተር የመጀመሪያ ሥራ እሱን ማግኘት ይሁን፤ በሁለት ሴሚስተር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሳይነካ የቀረ ከሆነ ደግሞ ግቡ የራስ መሆኑን፣ ወይስ ሌላ ሰው ሲያደርገው ታይቶ የተጻፈ መሆኑን መጠየቅ ያሻል። ከኮርሶች አንዱ ራሱ ከአቅም በላይ መሆኑ በሒሳቡ ከታወቀ ግን ዐሥረኛው ሳምንት እጅግ የዘገየ ነው፤ ያ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አውትላይኖቹ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ነውና፣ የአድና ድሮፕ ጊዜ ሳያልፍ ወረቀቱን ይዞ አድቫይዘር ዘንድ መሄድ ይገባል።